መዝገባችን በክረምት ለምን ባዶ ይሆናል?

ነሐሴ ላይ በጋምቤላ ከተማ የባሮ ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ታች የተመለከተ ሰው፣ በመጋቢት ያየውን ወንዝ መልሶ ለማግኘት ይቸገራል። በመጋቢት አሸዋው ገጥጦ፣ አዞ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ልብስ አጣቢዎች በዳርቻው ተደርድረው የሚታዩበት ያው ባሮ፣ በነሐሴ ከኢሉባቦር ደጋ ጠርጎ ያመጣውን አፈር ተሸክሞ፣ ቡናማ ሆኖና ዳርና ዳሩን እየላሰ ይወርዳል። አኙዋዎች ኦፔኖ የሚሉት ይህ ወንዝ ከኢታንግ በታች ከመቀነቱ ይወጣና ሜዳውን ይሸፍነዋል። ከዚያ ወዲያ ወንዙ የት እንደሚያልቅና መሬቱ የት እንደሚጀምር ለማወቅ የአካባቢው ተወላጅ መሆን ይጠይቃል።

በዚህ መጽሔት ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ተገኙ ነገሮች ነው። ዛሬ ስላልተመዘገቡ ነገሮች መጻፍ ወደድን። አቋማችንን ከመነሻው እንግለጽ፦ ስለ ጋምቤላ አእዋፍና የዱር እንስሳት «እናውቃለን» የምንለው ነገር በአብዛኛው የበጋ ዕውቀት ነው። በበጋ ሄደን፣ በበጋ ቆጥረን፣ በበጋ ካርታ ሠርተን፣ ውጤቱን የዓመቱ ሁሉ እውነት አድርገን እንጠቀምበታለን። ይህ የሳይንስ ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ በመምህራን መካከል አከራክሮ ባለፈ ነበር። ነገር ግን መሬት የሚሰጠውም፣ ግድብ የሚገነባውም፣ የፓርክ ወሰን የሚሰመረውም በዚሁ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከኢታንግ ወደ ላሬና ወደ ጂካዎ የሚዘልቀው ሜዳ በአብዛኛው ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር፣ ሲርስ ደግሞ የመኪና ጎማ የሚውጥ አፈር። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ400 እስከ 500 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ የተዘረጋና ቁልቁለት የለሽ ስለሆነ፣ የመጣው ውኃ ቶሎ አይወርድም፤ ይንጣለላል። ስለዚህ ከግንቦት በኋላ መኪናው ይቆማል፣ ጥናቱም ከመኪናው ጋር ይቆማል።

የሚገርመው፣ በአንድ ወቅት ነገሩ የዚህ ግልባጭ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ቡና ለመጫን ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ መድረስ የሚችሉት ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ነበር። ጣቢያው የሚደምቀው በክረምት፣ ጭር የሚለው በበጋ ነበር። ዛሬ «የማይገባበት ወቅት» የምንለው ያን ጊዜ «የሚገባበት ወቅት» ነበር ማለት ነው። ወንዙ ባሕርዩን አልለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ መጓጓዣ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቆጠራ የጊዜ ሰሌዳ ነው። ዓለም አቀፉ የውኃ አእዋፍ ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በጥር ወር አካባቢ ሲካሄድ ቆይቷል፤ የአፍሪካው ክፍል የተደራጀው በ1991 ነው። ጥር የተመረጠው በበቂ ምክንያት ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡት ዳክዬዎችና ረጃጅም እግር ያላቸው የረግረግ ወፎች በዚያ ወር ጉዟቸውን ጨርሰው ረግተው ስለሚቀመጡ፣ አንዱን መንጋ ሁለት ጊዜ የመቁጠር ስጋት ይቀንሳል። በዚህ ላይ ቅሬታ የለንም። ነገር ግን ቤቱን የሚቆጥረው እንግዳ በሚበዛበት ቀን ብቻ የሆነ ሰው፣ ቤተሰቡ ስንት እንደሆነና የት እንደሚያድር በትክክል ሊናገር አይችልም። በክረምቱ ጎርፍ ላይ ጎጆ ሠርተው የሚፈለፍሉት የአገሬው አእዋፍ ከጥር መዝገብ የሚጎድሉት በዚህ መንገድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ ወር አጋማሽ፣ ይህንን ጉድለት በአንድ ቀን እንኳ ለመሞከር ከኢታንግ በታች ወዳለው ውኃ ወጣን። የያዝነው ብዙ አልነበረም፦ ሁለት አቅርቦ ማያ መነጽር፣ ዝናብ ያበጠው የመስክ መጽሐፍ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ደብተርና እርሳስ። (እስክሪብቶ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎቻችን ምክንያቱን ከመጀመሪያው ዶፍ በኋላ ይረዱታል።) ታንኳው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው። ቀዛፊያችን ወጣት አኙዋ ሲሆን፣ ከመሳፈራችን በፊት የእያንዳንዳችንን ክብደት በዓይኑ መዝኖ በየቦታችን አስቀመጠን፤ ማንም እንዳይነሣ ካስጠነቀቀ በኋላ መቅዘፍ ጀመረ።

ውኃው ሜዳውን ሲሸፍን ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ደሴት ይሆናል። የምስጥ ኩይሳ ደሴት ነው፤ ትልቅ ዛፍ ደሴት ነው፤ በበጋ ከብት የሚያድርበት ጉብታ ደሴት ነው። ስለ ባሕር ወፎች ደሴት በውጭ መጻሕፍት የሚያነቡ ተማሪዎቻችን «እኛ ባሕር የለንም» ብለው ገጹን ይገለብጡታል። ወፎችን ወደ ደሴት የሚስበው ግን ጨው አይደለም። እንቁላልና ጫጩት የሚበላው እግረኛ አውሬ መሻገር አለመቻሉ፣ በዙሪያውም ምግብ መትረፉ ነው። ጎርፉ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያመጣል። ዓሣው ለመራባት ወደ ተጥለቀለቀው ሣር ይወጣል፤ እንቁራሪቱ፣ ቀንድ አውጣውና ነፍሳቱ ይፈላሉ፤ ውኃው ደግሞ እንደ ቅጥር ሆኖ ዛፉን ይከባል። በስኮትላንድ ገደል ላይ የሚሠራው ሥነ ሕይወታዊ ሕግ በኢታንግ የሾላ ዛፍ ላይም ይሠራል።

ከዕለቱ ትዕይንት ሁሉ በልባችን የቀረው ትልቁ ወፍ አልነበረም። በውኃ አበባ ቅጠል ላይ እየተራመደ የሚኖር ጃካና የሚባል ወፍ አለ። ጣቶቹ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም በመሆናቸው ክብደቱን በሰፊው በትነው ቅጠሉ እንዳይሰምጥ ያደርጉለታል። አንዱ ከታንኳችን ፊት ሲሸሽ ስናየው፣ ከሆዱ ሥር ከሁለት በላይ እግሮች ተንጠልጥለው ነበር። ከመካከላችን አንዱ «የታመመ ነው» ብሎ ለመጻፍ እርሳሱን አነሣ። ቀዛፊው ሳቀና፣ «አባት ነው፤ ልጆቹን በክንፉ ሥር ተሸክሞ ነው» አለን። እውነቱን ነበር። በአፍሪካ ጃካና ዘንድ እንቁላል ታቅፎ የሚፈለፍለውም፣ ጫጩት የሚያሳድገውም ወንዱ ነው። ሴቲቱ ለአንዱ ጥላ ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ በአንድ ወቅት ከብዙ ወንዶች ጋር ትጎዳኛለች። አደጋ ሲመጣ አባትየው ጫጩቶቹን በሁለት ክንፎቹ ሥር ሸጉጦ ይሮጣል። ይህንን እኛ ከመጽሐፍ አንብበነው ነበር፤ አይተን ግን አላወቅነውም። ቀዛፊው አላነበበውም፤ አይቶ ግን ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ስሞቹን ከእርሱ መጠየቅ ጀመርን። እያንዳንዱ ወፍ በአኙዋ ቋንቋ ስም ነበረው፤ በኑዌር ቋንቋ የሚያውቃቸውም ነበሩ። እኛ ግን የምንጽፈው በላቲን ነበር። በአማርኛ ሳቢሳ፣ ሽመላ፣ አባ ኮዳ፣ ዝይ ካልን በኋላ ቃላችን ያልቃል፤ ደገኛ ቋንቋ የረግረግ ወፍን ለይቶ ለመጥራት ብዙ ምክንያት አላገኘም። ስለዚህ በዚያ ታንኳ ላይ ሦስት ዓይነት ዕውቀት ተሳፍሮ ነበር፤ ወደ ደብተሩ የገባው ግን አንዱ ብቻ ነው። ስሞቹን በትክክል ለመጻፍ የቋንቋ ባለሙያ ስለሚያስፈልግ እዚህ አንደረድራቸውም። የቋንቋ ትምህርት ክፍልና የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል በአንድ ታንኳ መሳፈር ያለባቸው ለምን እንደሆነ ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየንም።

ረፋዱ ላይ ሳቢሳዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ የሞሉበት በውኃ የተከበበ ዛፍ አገኘን። ጫጫታውም ሽታውም ከሩቅ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ዛፍ መቁጠር ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ወፉ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ቅጠሉ ጎጆውን ይሸፍናል፣ ታንኳውም አይረጋም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ በየፊናቸው ጎጆዎቹን በንድፍ ላይ እንዲያመለክቱ ይደረጋል። ለምሳሌ ያህል፣ አንደኛው 40 ጎጆ ቢያይ፣ ሁለተኛው 30 ቢያይ፣ ከእነዚህም 20ዎቹን ሁለቱም አይተዋቸው ቢሆን፣ በድምሩ የታዩት ልዩ ልዩ ጎጆዎች 50 ናቸው። ነገር ግን ሁለተኛው ካያቸው 30 ውስጥ አንደኛው ያገኘው 20ውን፣ ማለትም ሁለት ሦስተኛውን ነው። እንግዲያው አንደኛው በዛፉ ላይ ካሉት ጎጆዎች ሁሉ ያየው ሁለት ሦስተኛውን ነው ብለን ብንገምት፣ ጠቅላላው 40 ሲባዛ በ30 ሲካፈል ለ20፣ ማለትም 60 ይሆናል። አሥሩን ጎጆ ማንም አላያቸውም፤ ሆኖም መኖራቸውን እናውቃለን። ያልታየውን ከታየው ለመገመት የሚያስችለው ይህ ቀላል ስሌት በዓሣ ሀብት ጥናትም፣ በሕዝብ ቆጠራ ማጣሪያም ያገለግላል።

ቆጠራው ከሩቅና በአጭር ጊዜ መጠናቀቅ እንዳለበት ማስገንዘብ ይገባል። ሰው ወደ ጎጆ ዛፍ ሲቀርብ ወላጆቹ ይነሣሉ። በጋምቤላ ፀሐይ ያለ ጥላ የቀረ እንቁላል ለረጅም ጊዜ አይተርፍም፤ ጭልፊትና ቁራም ይህንኑ ይጠብቃሉ። ለሳይንስ ብለው ጎጆ የሚያስበትኑ ሰዎች ከሚያመጡት መረጃ የሚያጠፉት ይበልጣል።

የቀኑን ትልቅ ስሕተታችንን የተገነዘብነው ከቀትር በኋላ ነው። ደብተራችንን ስናገላብጥ የተጻፈው ያየነው ብቻ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ቀዝፈን አንድም የሚጻፍ ነገር ያላገኘንበት ሰፊ ሣራም ውኃ በደብተሩ ውስጥ ጨርሶ የለም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው መጥቶ ደብተሩን ቢያነብ፣ እዚያ ሥፍራ ሄደን ወፍ አጥተን ይሁን ወይስ ጭራሹኑ አልሄድን እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። «አልታየም» እና «አልተፈለገም» በባዶ ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። የምልከታ ሳይንስ ግማሹ ሥራ ስንት ሰዓት፣ በስንት ሰው፣ በየትኛው መስመር እንደፈለጉ መጻፍ ነው። ይህንን በክፍል ውስጥ እያስተማርን በታንኳ ላይ ረሳነው።

ወደ ማምሻው በአንድ ጉብታ ላይ ከቀሩ ቤተሰቦች ዘንድ አረፍን። መረብ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ተቀበሉን። ደብተሩን አዩና በቀዛፊያችን አስተርጓሚነት ጠየቁን፦ «ልጆቼ፣ ይህን የምትጽፉትን ምን ታደርጉታላችሁ?» እኛም ስለ ጥበቃና ስለ ጥናት የምናውቀውን ተናገርን። እርሳቸው በትዕግሥት ሰምተው፣ «እኔ ወጣት ሳለሁ አንድ ሰው መጥቶ ጽፎ ነበር። ወፉንም፣ ዓሣውንም፣ ዛፉንም ጻፈ። ይዞት ሄደ። እስከ ዛሬ አልመለሰውም» አሉን። ሌላ አልጨመሩም፤ መረባቸውን ቀጠሉ። የምንመልሰው አልነበረንም።

እኚህን አዛውንት ካስታወስን አይቀር፣ የተጻፈ ነገር ተጠብቆ ሲቆይ ምን እንደሚያደርግ ከራሳችን አገር አንድ ምሳሌ እናንሣ። በሻላ ሐይቅ ውስጥ ነጭ ፔሊካኖች በብዛት የሚፈለፍሉባት ትንሽ ደሴት ነበረች። ሌስሊ ብራውንና በጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ኤሚል ኧርባን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንን የፔሊካን መንደር ተከታትለው አጠኑ፤ ውጤቱም በ1969 ታተመ። ሻላ ጥልቅና ጨዋማ በመሆኑ ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣ የለውም። ስለዚህ ወላጆቹ በደሴቲቱ ያድሩና የሞቃት አየር ሽቅብታን ተሳፍረው ዓሣ ወዳለበት ወደ አቢያታ ይሻገሩ ነበር። ጎጆው በአንድ ሐይቅ፣ ማዕዱ በሌላ ሐይቅ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ አንባቢ ያውቃል። ወደ አቢያታ የሚገባው ውኃ ለመስኖ ተቀነሰ፤ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት ውኃ ተወሰደ። ጥልቀት የሌለው አቢያታ ሸሸ፣ ጨውነቱ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። ደሴቲቱን ማንም አልነካትም፤ ፔሊካኖቹ ግን እንደ ቀድሞው ሊፈለፍሉባት አልቻሉም። ይህንን ኪሳራ ልንናገር የቻልነው ቀድሞ የቆጠረ ሰው ስለነበረ ብቻ ነው። በባሮ ሜዳ ላይ ያሉት የጎርፍ ደሴቶች ነገ ጸጥ ቢሉ፣ ቀድሞ ምን ያህል ይንጫጩ እንደነበር በምን እናስረዳለን?

የተደጋጋሚነትን ዋጋ ለማየት ደግሞ ወደ ዌልስ እንሻገር። በስኮመር ደሴት ላይ ቲም በርክሄድ የተባሉት የሥነ ሕይወት ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ አንድን የባሕር ወፍ ዝርያ በየበጋው ሲከታተሉ ኖረዋል። ከአርባ ዓመታት በኋላ በጀቱ እንዲቋረጥ ተወሰነ። በ2014 መጀመሪያ ደግሞ ከባድ ማዕበል በአትላንቲክ ዳርቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የባሕር ወፎችን ገደለ። ጉዳቱን በትክክል ለመለካት የሚያስችለው ያ የማይቋረጥ መዝገብ ነበርና፣ ተመራማሪው ገንዘቡን ከሕዝብ አሰባስበው ሥራውን ቀጠሉ። እዚህ ላይ የምናደንቀው የሀብታም አገርን ሀብት አይደለም፤ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ዘዴ ደጋግሞ መመለስን ነው። ይህ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ልማድ ይፈልጋል።

ወደ ጋምቤላ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2010 ለአንድ የውጭ ኩባንያ 100,000 ሄክታር የባሮ ሜዳ በሊዝ ተሰጠ። በቀጣዩ ዓመት ክረምት ወንዙ ሞልቶ በሺዎች በሚቆጠር ሄክታር ላይ የነበረውን በቆሎ አጠፋው። ኩባንያው አላገገመም፤ ውሉም እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ተቋረጠ። የውድቀቱ ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም በጎርፍ ማላከክ ትክክል አይሆንም። ነገር ግን በበጋ የታየ ባዶ ሜዳ በክረምት የዓሣ መራቢያና የወፍ መፈልፈያ ሐይቅ መሆኑን የሚያሳይ ካርታ በጠረጴዛው ላይ ቢኖር ኖሮ፣ ቢያንስ የትኛው መሬት ለእርሻ እንደማይሆን ክርክር ይነሣ ነበር። ያ የጎርፍ ካርታ በወፎቹ ተስሏል፤ ሳቢሳ የሚፈለፍልበት ዛፍ በየዓመቱ ውኃ የሚከበው ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምትም ባሮ የጋምቤላን ከተማ ጭምር አጥለቅልቆ ብዙ ሕዝብ ሲያፈናቅል፣ ወንዙ የሄደባቸው ቦታዎች ለሽማግሌዎቹ አዲስ አልነበሩም።

የአጥቢዎቹ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ዋና ኩራት ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው፤ ግጦሽና ውኃ እየተከተለ ከደቡብ ሱዳኑ ቦማ ጋር ይመላለሳል። በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ለ25 ዓመት ገደማ ቆጣሪ አልደረሰበትም ነበርና፣ ብዙዎች አልቋል ብለው ነበር። በ2007 በአውሮፕላን ሲታይ ቆርኬውና አብረውት የሚጓዙት ዝርያዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነው ተገኙ። በ2023 በደቡብ ሱዳን የተካሄደውና በ2024 ይፋ የሆነው ቆጠራ ደግሞ ቁጥሩን ወደ ስድስት ሚሊዮን አደረሰው፤ ከዚህ ውስጥ አምስት ሚሊዮን ያህሉ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። የመንጋው ብዛት በዚህ መጠን ይጨምር ወይስ የቆጠራው ስፋትና ዘዴ ይለወጥ፣ ሁለቱን ለይቶ ለመናገር በመካከሉ ያሉት ዓመታት መዝገብ ያስፈልግ ነበር።

ተቃውሞ እንደሚኖር እናውቃለን። የመጀመሪያው የጸጥታ ነው፤ አካባቢው በየጊዜው የሚታወክ ስለሆነ በማይታወቅ ቀን ተማሪ አሰልፎ መውጣት ኃላፊነት የጎደለው ይሆናል። እውነት ነው፤ ስለዚህም ከሩቅ የሚመጣ ቡድን ላይ የተመሠረተ መዝገብ ዘላቂ አይሆንም እንላለን። በቦታው የሚኖረው ሰው መቼ መውጣት እንደሚቻል ያውቃል። ሁለተኛው «ታንኳ ቀዛፊ የሚሰጠው መረጃ ሳይንሳዊ አይደለም» የሚለው ነው። የጃካናውን አባት በሽተኛ ብለን ልንመዘግብ የነበርነው እኛ መሆናችንን አንባቢ ያስታውስ።

ሦስተኛውና በቁም ነገር ልንመልሰው የሚገባው፣ «የአንድ ቀን ምልከታ ምን ይረባል?» የሚለው ነው። ብቻውን ብዙም አይረባም። እንዲያውም ክረምትን ብቻ መቁጠርም ስሕተት ይሆናል። አባ ኮዳ ጎጆውን የሚሠራው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ወይም በበጋ ነው፤ ጫጩቶቹ የሚያድጉት ኩሬዎች ደርቀው ዓሣው በጥቂት ቦታ በሚታፈንበት ጊዜ እንዲሆን። በምንቃሮቹ መካከል ክፍተት ያለውና ቀንድ አውጣ የሚበላው ሽመላ ደግሞ ጎርፉን ይጠብቃል። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ የዓመቱን ሁለት ጫፍ ተካፍለውታል። አንዱን ወቅት ብቻ የሚጎበኝ ከሁለቱ አንዱን ሁልጊዜ ባለ ጎጆ፣ ሌላውን ሁልጊዜ መንገደኛ አድርጎ ይመዘግባል። ስለዚህ የምንለው የጥሩ ቆጠራ ይቀጥል፣ በነሐሴም አንድ ቀን ይጨመርለት፣ ቀኑም በየዓመቱ ይደጋገም ነው።

ይህ እንዲሆን ትልቅ ፕሮጀክት መጠበቅ የለበትም። ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ በወንዙ ዳር ባለች ከተማ ውስጥ ይገኛል፤ የሥነ ሕይወት ተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከእነዚሁ ወረዳዎች የመጡ ናቸው። የአራት ኪሎው ባልደረቦቻችን በቤተ መዘክሩ ያሉትን ናሙናዎችና የቆዩ መዝገቦች ቢያጋሩ፣ ቀዛፊዎቹ እንደ ተሸካሚ ሳይሆን እንደ ተመልካች አበል ቢከፈላቸውና ስማቸው በመዝገቡ ላይ ቢሰፍር፣ ሥራው ይጀመራል። ስልክ የያዘ ተማሪ ያየውን ኢበርድ በመሰለ የሕዝብ መዝገብ ላይ ሊያኖር ይችላል፤ የጎጆ ዛፎቹን ትክክለኛ ቦታ ግን ባያወጣ እንመርጣለን። የወረቀቱ አንድ ቅጂ የግድ በወረዳው ትምህርት ቤት መቅረት አለበት። ይህንን ዝርዝር ብለን የምናልፈው አይደለም፤ ከሁሉ የምናስቀድመው ነው።

እኛ በበኩላችን የዚያን ዕለት ደብተር እንደ ገና ገልብጠናል። ምንም ያላየንባቸውን ሁለት ሰዓታት ከትዝታ ሞልተን፣ «ከትዝታ የተሞላ» የሚል ምልክት አድርገንባቸዋል። አንዱን ቅጂ ወደ ኢታንግ ሰድደናል፤ ቀዛፊው ለአዛውንቱ አንብቦላቸው፣ ሁለት ቦታ ላይ ተሳስተናል ማለታቸውን በስልክ ነግሮናል። አንደኛውን አርመናል። ሁለተኛው፣ በዛፉ ላይ ሁለት ዓይነት ሳቢሳ ነበር እንጂ አንድ አልነበረም የሚለው፣ ተመልሰን ካላየነው በቀር ሊታረም የማይችል ነው። ለመመለሻ የነሐሴን ሁለተኛ ቅዳሜ ይዘናል፤ በታንኳው ላይ ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ አለ።